የጭድ ጥጃና ጳጳሱ፦ በአንድ የድሮ ስኮትስ ቃል ላይ የተነሳ ክር

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት መድረካችን ላይ በአንድ ልጥፍ ሥር የተደረደረውን ውይይት፣ የከፈተው ሰው ተርጓሚ ነው። ስለ ስኮትላንድ የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ የሚያወራ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሳለ አንድ ቃል ያዘው። ቱልቻን ብሎ ጻፈው። ትርጉሙን ግን አልጠየቀም፤ ነገረን። እንደሱ አባባል ቃሉ ስኮትስ ከሚባለው የስኮትላንድ ቋንቋ የመጣ የድሮ ቃል ነው፣ አሻንጉሊት ማለት ነው፣ ጆን ኖክስ የሚባለው ሰባኪ በ1572 ጳጳሳትን ሊሰድብበት ፈጠረው። ስለዚህ አሻንጉሊት ጳጳስ ብሎ ሊያልፈው ነው። ተቃውሞ ያለው ሰው እስከ ነገ ማታ ይናገር አለ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም ካልተናገርኩ በቀር እንደዚያው እቀጥላለሁ።

እንዲህ ያለ ልጥፍ መድረካችን ላይ የድግስ ጥሪ ማለት ነው። ሁሉም ያለውን ይዞ መጣ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። የጻፈው ግላስጎው የሚኖር ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ጀመረና አነባበቡን ብቻ አረመ። ስኮቶች ሐይቅን ሎኽ ሲሉ ከጉሮሯቸው የሚያወጧት ድምፅ እዚህም አለች። ቻ አይደለችም፣ ኻ ናት። ስለዚህ ቱልኻን ተብሎ ይጻፍ አለ። 2ኛው ትግርኛ ተናጋሪ ነው፤ ነገሩ በጣም ደስ ብሎታል። ኸ ፊደል ገበታው ላይ ለጌጥ አልተቀመጠችም፣ እናንተ ግን ብትጽፏትም ሀ ብላችሁ ነው የምታነቧት ብሎ ወጋ አደረገን። እውነቱን ነው።

ቁም ነገሩ የጀመረው በ3ኛው ነው። ጸሐፊዋ መዝገበ ቃላት ገልጣ ነው የመጣችው። ለስኮትስ ሁለት ትልልቅ መዝገበ ቃላት አሉ። አንዱ እስከ 1700 ያለውን ይይዛል፣ ሌላው ከዚያ ወዲህ ያለውን። ከ2004 ጀምሮ ሁለቱም አንድ ላይ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ከእነሱ ቀድሞ በ1808 የወጣው የጆን ጄሚሰን መዝገበ ቃላትም ቃሉን አውቆታል። ቱልኻን ጭድ የተሞላ የጥጃ ቆዳ ነው። ጥጃዋ የሌለ ላም ወተቷን እንድትለቅ አጠገቧ ይቆምላታል። የጳጳሱ ነገር ከዚህ የመጣ ፌዝ ነው። አሻንጉሊት ካልከው ላሟም ወተቱም ከገጹ ይጠፋሉ አለችው።

ከዚያ 4ኛው መጣ። ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው። ጸሐፊዋ ሰላሌ ነው ያደገችው፣ ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። አያቷ ቤት ይህንኑ ነገር በዓይኗ አይታለች። አንድ ክረምት ጥጃ ሞተ። ቆዳው በጥንቃቄ ተገፈፈ፣ ጨው ተነሰነሰበት፣ ደረቀ። ከዚያ ጭድ ተጠቅጥቆበት ተሰፋ። እግር የለው፣ ዓይን የለው፣ ጥጃም አይመስልም ነበር ትላለች። የማለቢያ ሰዓት ሲደርስ እሷ ተሸክማው ላሟ አፍንጫ ሥር ታስጠጋዋለች። ላሟ ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ በዝግታ እምብ ትላለች። በዚህ መሀል አያቷ ጮጮውን ይዘው ከሥር ይገባሉ። ልጅቷን ያስጨነቃት የቆዳው ክብደት አልነበረም። የላሟ ሻካራ ምላስ ከቆዳው አልፎ እጇ ላይ ሲደርስ ነው። ስለ ስኮትላንድ አንድም ቃል አልጻፈችም። እኔ ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ፌዙ ለምን እንደሠራ የገባኝ። የ1572 ሰው ቃሉን ሲሰማ መዝገበ ቃላት አይገልጥም፤ ጠዋት ሲታለብ ያየውን ነው የሚያስታውሰው።

5ኛው ጋምቤላ የሠራ ሰው ነው። ኑዌሮች ዘንድም ጥጃ ሲሞት ቆዳውን በሣር ይሞሉታል፣ ላሟ እንድትቀበለው የራሷን ሽንት ይቀቡታል። ወተቷን የያዘችን ላም ደግሞ ከኋላዋ በአፋቸው ይነፉባታል ብሎ ጨመረ። 6ኛው ምሳ ላይ እንደነበረ ብቻ አሳወቀን።

7ኛው የእንስሳት ሐኪም ነው። ወተቱ ጡቷ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ እንዲወርድ ግን ከአንጎል ሥር ካለች እጢ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን መለቀቅ አለበት። ላሟ ጥጃዋን ስታሸት፣ ስትልስ፣ ጡቷ ሲነካ ይለቀቃል። ከደነገጠች አድሬናሊን ይመጣና መንገዱን ይዘጋዋል። ሆልስታይን የምትባለው የፈረንጅ ላም ያለ ጥጃ እንድትታለብ ለብዙ ትውልድ ተመርጣለች። የሐበሻ ላም ግን ጥጃዋ ካልቀረበላት ብዙ ጊዜ አታወርድም፤ ጥጃው ከሞተ ቶሎ ትነጥፋለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረች የስኮትላንድ ላምም ከዛሬዋ ሆልስታይን ይልቅ ለሰላሌዋ ነው የምትቀርበው። ላሟን ሞኝ አትበሏት፣ እሷ ያመነችው አፍንጫዋን ነው አለ። ዓይኗን ብታምን ኖሮ ያ ከረጢት አያታልላትም ነበር።

8ኛው ስለ መላስ ከተነሳ ብሎ ተረት ይዞ ገባ፦ ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። 9ኛው የተረትና ምሳሌ ክር ሌላ ቦታ አለ ብሎ ቆጣ አለ። 8ኛው ተመልሶ አልመጣም።

10ኛው የቃሉን ሥር ቆፈረ። ቱልኻን ስኮትስ ውስጥ ይኑር እንጂ መነሻው ጌሊክ የሚባለው ሌላው የስኮትላንድ ቋንቋ ነው። የተራራማው አገር ሰዎች ትንሽ ጉብታን ወይም ክምርን ቱላኻን ይላሉ። ቆዳ ውስጥ የተከመረ ጭድ ጉብ ሲል ስሙን አገኘ። ይኸው ሥር ካርታው ላይ ሞልቷል፤ ቲሊኩልትሪ፣ ተሊቦዲ የሚባሉት ከተሞች ስም መነሻቸው ጉብታ ነው። 11ኛው እዚህ ላይ ደስ የሚል ስህተት ሠራ። ስፔይ ወንዝ ዳር ቱልኻን የሚባል ርስት አለ፣ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ለአደን እየሄደ ያርፍበት ነበር፤ ጳጳሳቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። 12ኛው በአንድ መስመር ዘጋው። ርስቱ ከጉብታው ተጠራ፣ ጳጳሱ ከጥጃው፤ ሁለቱ የአንድ አያት ልጆች ይሁኑ እንጂ አይተዋወቁም።

13ኛው ረጅም ነው። ጸሐፊው የታሪክ መምህር ነኝ ብሏል፣ አጻጻፉም ያሳብቃል። በ1560 የስኮትላንድ ፓርላማ የሮማውን ሊቀ ጳጳሳት ሥልጣን ሻረ፣ ቅዳሴውንም ከለከለ። የቤተ ክርስቲያኗ መሬትና ገቢ ግን በአንድ ቀን እጅ አልቀየረም። የድሮዎቹ ባለ ገቢዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ ከሦስት እጅ ሁለቱን እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። አንዱ እጅ ለዘውዱና ለአዲሶቹ ሰባኪዎች ይሁን ተባለ። ኖክስ በዚህ ክፉኛ ተሳለቀ፤ ሁለቱ እጅ ለሰይጣን ተሰጥቷል፣ ሦስተኛውን ደግሞ እግዚአብሔርና ሰይጣን ሊካፈሉት ነው ብሎ። ከዚያ የድሮዎቹ ጳጳሳት ማለቅ ጀመሩ። የሴንት አንድሩስ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በ1571 ስተርሊንግ ላይ በገመድ ተሰቀለ። ትልቁ ወንበር ባዶ ቀረ።

መምህሩ እዚህ ጋ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ባዶ ወንበር ግብር አይሰበስብም፣ ውል አይፈርምም። በሕጉ መሠረት ገቢው የጳጳስ ነው፣ ስለዚህ ጳጳስ የግድ ነው። መኳንንቱ የሚፈልጉት ግን ገቢውን ነው። በጥር 1572 ሊዝ በሚባለው ወደብ ስምምነት ተደረገ፤ የጳጳስና የሊቀ ጳጳስ ማዕረግ ባለበት ይቆይ ተባለ። የሞርተኑ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጄምስ ዳግላስ፣ በአጭሩ ሞርተን፣ ለሴንት አንድሩስ ጆን ዳግላስ የሚባሉ ሽማግሌ አስመረጠ። ሰውየው የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ነበሩ። ማዕረጉን እሳቸው ወሰዱ፣ የገቢው ትልቁ ድርሻ ወደ ሞርተን ሄደ። ላሟ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ቆዳው ጳጳሱ፣ ጮጮውን የያዘው ሞርተን። የ4ኛዋን አያት ጮጮ መዋሱ ነው፤ ወደድኩለት።

14ኛው አመስግኖ አረመው። መምህሩ በጽሑፉ መሀል ሞርተንን የንጉሡ እንደራሴ ብሎት ነበር። በጥር ወር እንደራሴው የማር ኧርል ነበር። ሕፃኑ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም። ሞርተን እንደራሴ የሆነው በኅዳር 24 ቀን 1572 ነው። ኖክስ የሞተውም በዚያው ቀን ነው።

15ኛው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የምትመች ነገር ይዞ መጣ። እስከ 1600 ድረስ የስኮትላንድ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ በዘመኑ ሰነድ ላይ የሊዝ ስምምነት ዓመቱ 1571 ነው። ተርጓሚው ሁለት ዓመተ ምሕረት ሲያጋጥመው አይደንግጥ፤ በሁለት አቆጣጠር ለኖረ ሰው ይሄ ቀላል ነው አለ።

16ኛው የተርጓሚውን ሦስተኛ ስህተት አነሳ። ቃሉን ኖክስ አልፈጠረውም። ኖክስ በየካቲት 1572 ሴንት አንድሩስ ነበር፣ በዳግላስ በዓለ ሹመት ቀን ሰበከ፣ ዳግላስን ሹም ሲሉት ግን እምቢ አለ። ለአንድ ሽማግሌ ጫንቃ ይህን ያህል ሸክም አይጫንም ብሎም አማረረ። ስለ ቱልኻን ጳጳስ የምናውቀውን በግልጽ የጻፈልን ዴቪድ ካልደርውድ ነው። በ1650 የሞተ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነው። ማዕረጉ የጳጳሱ ነበር፣ ወተቱ ግን የጌታው ሆነ ይላል በአጭሩ።

ከዚያ ይኸው ሰው የፓትሪክ አዳምሰንን ስብከት ጠቀሰ። በዚያው ሰሞን ሴንት አንድሩስ ላይ የተሰበከ ነው። አዳምሰን ጳጳስ ሦስት ዓይነት ነው አለ። ጌታዬ ጳጳሱ የጵጵስናው ዘመን ባለ ሥልጣን ነው። የጌታዬ ጳጳስ የአሁኑ ነው፤ መኳንንቱ ጥሪቱን ይበሉበታል፣ እሱ ፊርማውን ያኖራል። የጌታ ጳጳስ ግን እውነተኛው የወንጌል አገልጋይ ነው። በአማርኛ ይህን ያህል ያምራል ብዬ አልጠበቅኩም። ተርጓሚው ይቺን ሳይለፋ ያገኛታል።

አንድ ነገር ልበል። እዚህ ድረስ የጻፈው ሰው በሙሉ፣ በ1572 የፎከረውም ጭምር፣ ዓይኑን ቆዳው ላይ ተክሏል። ስሙ የተለጠፈው በሽማግሌው ዳግላስ ላይ ነው። ወተቱን ለወሰደው ግን የሚጣበቅ ቅጽል ስም አልወጣለትም። ሞርተን ላይ መሳቅ ስለሚያስፈራ ይሆናል። ከሞተ ጥጃ ጋር መጣላት ቀላል ነው።

17ኛው ወጣት ይመስላል። ከእስክንድርያ ይላኩልን የነበሩት አቡኖችስ ቱልኻን አልነበሩም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። 18ኛው ግን እሳት ለብሶ ወጣ። ታሪክ ሳታነብ አትጻፍ፣ አባቶችን ከጭድ ጋር አታነጻጽር፣ ደግሞ ይህን ያስተማሩህ እነማን እንደሆኑ እናውቃለን አለ። ማን እንደሆኑ አልነገረንም።

19ኛው የክሩን ክብር መለሰ። እህቴም ወንድሜም ቀስ በሉ ብሎ ጀመረ። ንጽጽሩ አይሠራም፤ ግን ምክንያቱ ስድብ ስለሆነ አይደለም። አቡኑ የራሳቸው መሬትና ገቢ ነበራቸው። ከዓድዋ አጠገብ ያለችው ዓዲ አቡን ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ወተቱ ሌላ ሰው እጅ አልገባም። የእኛ ጥያቄ ጵጵስናን የሚሾመው ማን ነው የሚል ነበር። እሱም በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ፣ ቀጥሎም በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሲሆኑ ተፈታ። የተሻለ ንጽጽር ከፈለጋችሁ ጎንደር ሂዱ አለ። በጎንደር ዘመን ለአድባራት የተሰጠ የሰሞን መሬት ነበር። መሬቱን የያዘ ሰው የማገልገል ግዴታ አለበት። ያዡ ግን መኳንንት ወይም ወይዘሮ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አይቀድስም፣ አይዘምርም። ቄስ ወይም ደብተራ ቀጥሮ በምትኩ ያስገለግላል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ጎንደር ላይ የመሬቱ ያዥ በስሙ ይታወቃል፣ ምትኩ የሚቆመው ለአገልግሎቱ ብቻ ነው። ሴንት አንድሩስ ላይ ግን ምትኩ የቆመው ለባለቤትነቱ ነው። ለዚህ ነው ቆዳው ያስፈለገው።

ይሄ ራሱን የቻለ ክር ይወጣው ነበር። 20ኛው ግን 19ኛውን ፕሮፌሰር መሳይ ብሎ ሰደበው። 21ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ ሁለት መልስ እንደሰረዘ ገልጾ ቀጣዩ ስድብ ክሩን ያዘጋዋል አለ። ሰው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ጭጭ።

22ኛው ዝምታውን በደም ሰበረው። ሞርተን መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ አለ። በ1581 ኤዲንብራ ላይ ሜይደን በሚባል የአንገት መቁረጫ ማሽን ተገደለ፣ ማሽኑንም ወደ አገሩ ያስገባው ራሱ ነው፣ የእጁን አገኘ። 23ኛው ግማሹን ተቀበለ። ሰኔ 2 ቀን 1581 በሜይደን መሞቱ እውነት ነው፤ የተከሰሰው የንጉሡ እናት የንግሥት ሜሪ ባል የሎርድ ዳርንሊ ግድያ ተባባሪ ነህ ተብሎ ነው። ማሽኑ ግን በ1564 የተሠራ ነው። ያኔ ሞርተን እንደራሴ ለመሆን ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። ማየት የፈለገ ኤዲንብራ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ፣ እንጨቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። 22ኛው ተረቱ ያምራል ግን ብሎ ተከራከረ። ማማሩስ ያምራል።

24ኛዋ ስኮትላንድ ውስጥ በግ አርቢ ቤተሰብ ያገባች ሴት ናት። ዛሬም በግልገል መውለጃ ወቅት ተመሳሳይ ነገር ይደረጋል አለች። ግልገሏ የሞተባት በግና እናቱ የሞተችበት ግልገል ሲገኙ የሞተው ቆዳ ይገፈፋል። እንደ ካፖርት ሆኖ ለወላጅ አልባው ይለበስለታል። በጓ አሽትታ ልጄ ነው ትላለች፣ ታጠባዋለች። የሌላውን ቆዳ የለበሰ እንዲሉ፣ እንዲህ ያለውን ጥጃ ወይም ግልገል የድሮ ሰዎች ቱርኪን ይሉታል። እዚህ ላይ ግን ከቆዳው ውስጥ ያለው ነው ጠጥቶ የሚያድገው። የቱልኻን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል።

25ኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊው ቶማስ ካርላይል ቃሉን ከአቧራ አንስቶ ለማንኛውም ባዶ ሹመት እንደተጠቀመበት አስታወሰ። 26ኛው ዋጋ ፈላጊ ነው፤ አንድ ቱልኻን በዓመት ስንት ያወጣል አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን መልሱንም ይዞ ነው የመጣው። በ1581 ሮበርት ሞንትጎመሪ የግላስጎው ሊቀ ጳጳስ ለመሆን ከሌኖክሱ መስፍን ጋር ተዋዋለ። ገቢው ለመስፍኑ፤ ለጳጳሱ በዓመት 1000 የስኮትላንድ ፓውንድ፣ ከዚያ ላይ ለፈረሱ የሚሆን እህልና ጥቂት ዶሮ። የስኮትላንድ ፓውንድ ደግሞ ከእንግሊዙ በጣም የረከሰ ነበር፤ በ1603 አሥራ ሁለቱ ለአንድ ሆኖ ተወሰነ። ዶሮዎቹ በውል መጻፋቸው ብዙ ሰው አሳቀ። ቤተ ክርስቲያኗ ግን አልሳቀችም፤ በ1582 አወገዘችው።

27ኛው ራሱ ተርጓሚው ነው። ቀነ ገደቡ ካለፈ ቆይቷል። ቱልኻን የሚለውን እንዳለ ሊያስቀምጠው፣ ከሥሩም የጭድ ጥጃ ጳጳስ ብሎ ሊጨምር ወስኗል። 28ኛው የጭድ ጥጃ ሳይሆን የቆዳ ጥጃ መባል አለበት ብሎ ጀመረ። እኔ ከጭዱ ጋር ነኝ። ቆዳማ እውነተኛ ነው፣ ሐሰቱ ውስጡ ያለው ነው።

በ29ኛው 16ኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ያ ሦስት ዓይነት ጳጳስ ያለው ፓትሪክ አዳምሰን የት ደረሰ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም አለ። የሴንት አንድሩስ ወንበር ክፍት ሆኖ ስለነበር በ1576 ሞርተን እሱን አስቀመጠው። የተሳለቀበትን ወንበር ራሱ ወረሰ። የጳጳሳትን ሹመት ከሚቃወመው ከአንድሩ ሜልቪልና ከጓደኞቹ ጋር ለዓመታት ተፋለመ፣ በ1586 ተወገዘ። በመጨረሻ ንጉሡም ፊቱን አዞረበት፤ የወንበሩን ገቢ ወስዶ ለሌላው የሌኖክስ መስፍን ሰጠው። አዳምሰን የሚበላው አጣ። ደብዳቤ የጻፈው ለዋናው ጠላቱ ለሜልቪል ነው። ሜልቪልም ከኪሱ እያወጣ ረዳው። አዳምሰን በየካቲት 1592 ሞተ።

30ኛው የገረፍነውን ያህል ልናዝንለትም ይገባል ብሎ ጻፈ። 31ኛው አላዝንም አለ፤ ከስብከቱ በኋላ ሹመቱን እምቢ ማለት ይችል ነበር፣ ኖክስም ዳግላስን አልሾምም ብሏል። 30ኛው መልስ እየጻፈ እንደሆነ ይታያል።